ንጹሕ ወረቀት

ቫልፓራይሶ ነው፤ ከተራራው ግርጌ ቲኬት እቆርጣለሁ፤
ኤርሚንያ ከላይ ነች፤ ደወሏን ስሰማ ደወል እመልሳለሁ።
ሁለት ሣጥን አለን፥ በአንድ የብረት ገመድ ወዲያና ወዲህ የታሰረ፤
አንዱ ሲወጣ ነው አንዱ የሚወርደው፤ እኛ ሳንወለድም እንዲሁ ነበረ።
"ከአሥራ ስምንት ሰው በላይ አይጫንም" ይላል የግድግዳው ጽሑፍ፤
እኛ ስንገባ ግን ሰው በዐይኑ ይደምራል፥ ሁለታችንን አራት ብሎ ሲጽፍ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "ቀንሱ" ተባልን።
ቀነስን።
ዳቦውን ቀነስን፣ ስኳሩን ቀነስን፤
ከእህቴ ልጅ ልደት፥ ኬኩ ሳይቆረስ፥ በጓሮ በር ሸሸን።
ደብተርም ያዝን፦ "ማክሰኞ፥ ግማሽ ፖም፣ የአተር ሾርባ፣
ሻይ ያለ ስኳር፣ ደረጃ መቶ ስድሳ፣ እንባ።"
እንባውን ሐኪሙ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው፤
"ይህ ምግብ አይደለም።" ቀሪውን በዐይኑ መዘነው፤
"ሌሊት የሚበላ አፍ ቀን ቀን ይጾማል" ብሎ
መለሰልን ደብተሩን፥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

ዘንድሮ ግን መጣች፥ ጫማዋ ሲረግጥ የሚጮኽ፥ ዶክተር ሳንዌሳ፤
ሚዛኑን በእግሯ ገፍታ ጥግ አስያዘችው፥ እንደ ክፉ እንስሳ።
"መታወቂያሽን አሳዪኝ" አለቻት ኤርሚንያን፥ "የድሮውን፣
በሃያ አምስት ዓመትሽ የተነሣሽውን።"
ፎቶውን ከፊቷ ጎን ያዘች። ዝም አለች።
ማንም ሳይመታት የበለዘ ክንዷን አየች፤
ሆዷ ላይ የተጋደመውን፥ የወይን ዝቃጭ የመሰለ ስንጥቅ፥ በጣቷ ተከተለች።
ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦ "አንቺም ትመረመሪያለሽ" አለች።

የሃያ አራት ሰዓት ሽንት፥ ጠብታ ሳይቀር፥ በሦስት ሊትር ጀሪካን።
ሥራ መቼም አይቀርም፤ ጀሪካናችንን በበረዶ ሣጥን
ይዘን ገባን። ዓሣ ሻጩ ኦኖፍሬ "ወይን ነው?" አለ፥ "አቅምሱኝ!"
ለኤርሚንያ በስልክ ስነግራት፥ ሳቋ ገመዱን የነቀነቀው መሰለኝ።
እኩለ ሌሊት ላይ ጥጥ አኘክን፥ ምራቃችን ይመስክር ተብሎ።
በሌላ ቀን፥ ከምሽቱ አምስት ሰዓት፥ ምስር የምታህል ክኒን፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ደም፤
ታይሮይድ፣ ኢንሱሊን፣ ምላሴ የማይዘው ሌላ ስም።
ነርሷ ሥሬን ስታጣ "ይቅርታ" አለችኝ።
ይቅርታ! እኔን! በዚህ ቤት ሰምቼው አላውቅም።

ውጤቱ ሐሙስ መጣ።
የኤርሚንያ ቁጥር ከመስመሩ አልፎ ወጣ።
ከአንጎሏ ሥር የአተር ፍሬ የሚያህል ነገር
አሥራ አንድ ዓመት "ጨምር፣ አከማች" እያለ ሲያዝ፥ እሷ በሆዷ ስትታማ ነበር።
ኦፕሬሽን አለ። እሷ ግን ፍርሃቱን ለጊዜው ረስታ፦
"ታምሜ ነው! ታምሜ ነው!" አለች፥ ሎተሪ እንደ ደረሰው ሰው ከወንበሯ ተነሥታ።

የእኔ ወረቀት ንጹሕ ነበር።
ታይሮይዱ ደኅና፣ ስኳሩ ደኅና፤ አንድም የተከበበ ቁጥር
የለም። ተመስገን መባል አለበት፤ አልኩም፥ ከአንገት በላይ።
ከአንገቴ በታች ግን ቀናሁ፤ አንዲት የአተር ፍሬ አማረችኝ፥
ጠበቃ የምትሆነኝ፥ በሰው ዐይን ላይ።
ሰው በሽታ ይመኛል? እኔ ተመኘሁ። ይኸው ጻፍኩት፤
ያንን ደብተር ከአልጋ ሥር መልሼ አወጣሁት።

ዶክተሯ ገባት መሰለኝ። ብዕሯን አስቀመጠች።
"ወንፊታችን ሰፊ ነው" አለች፤
"ያልያዘው ሁሉ የለም ማለት አይደለም። ውሸታም ነሽ አይልም ይህ ወረቀት።
በወሩ ተመለሺ፤ እንቅልፍሽን እናያለን፣ ለራስ ምታት የምትውጪውንም መድኃኒት።"
አመንኳት? ግማሹን።

ኤርሚንያ ለስድስት ሳምንት የለችም። ከላይ ያለው ልጅ አዲስ ነው፤
ሦስቴ ይደውላል፤ ሕጉ ሁለቴ ነው።
ዛሬ አንዲት ተማሪ መጣች፥ ሞላ ያለች፤ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አቅፋ
ሰው እስኪቀል ጠበቀች። ሣጥኑ ሦስቴ ሄደ፥ እሷ ቆማ፥ ተለጥፋ
ከግድግዳው ጽሑፍ ሥር።

"ግቢ" አልኳት። "አሥራ ስምንት ነው የሚጭነው።
አንቺ አንድ ነሽ።"

ሁለቴ ደወልኩ።